ሸዋሉልና የኢቲዳል ዓይን

የእኛ መንደር ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። የዚያን ዘመን ሹማምንት መንደሮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጥረው ሄዱ፤ ቁጥሩም ስም ሆኖ ቀረ። እኔ፣ ምንያህል የምባለው፣ ከጎጃም ተመድቤ የሳይንስ መምህር ሆኜ ስመጣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቼ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ፣ ያለ መነጽር የተማሪ ደብተር ማረም አቅቶኝ፣ አሁንም እዚሁ ነኝ።

ስለ እትዬ ሸዋሉል ልጽፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ስለ እሷ ስጽፍ ራሴንም መንካቴ ስለማይቀር ሳቅማማ ኖርኩ። አሁን ግን ይበቃል።

መጀመሪያ ያየኋት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደጃፏ ላይ ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የአንዲት ሴት ራስ አለ፤ ሴትዮዋ መሬት ላይ ተጋድማ ፊቷን ወደ ሰማይ አቅንታለች። ሸዋሉል በግራ አውራ ጣቷ የሴትዮዋን የዓይን ቆብ ገለበጥ አድርጋ፣ በቀኟ በያዘችው ወረንጦ አንዲት ፀጉር ትይዝና ሳብ ታደርጋለች። ያወጣቻትን ፀጉር ጥፍሯ ላይ አስቀምጣ በፀሐይ ታያታለች። ከነሥሯ ከወጣች እፍ ብላ ትጥላታለች፤ ካልወጣች ወደዚያው ቦታ ትመለሳለች።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት፤ ከተማ ስላደግሁ እሾህ የምታወጣ መስሎኝ።

«ዓይኗን ፀጉር እየወጋት ነው። አንተዬ፣ ጥላህን ሰብስብልኝ፣ ብርሃኔን ጋረድከኝ!» ብላ በክርኗ ገፋችኝ። ትውውቃችን ይኸው ነው።

በኋላ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ያስተማርኩት ነገር ነው። የዓይን ማዝ በልጅነት ደጋግሞ ከያዘ የቆቡን ውስጠኛ ገጽ ያጠባስሰዋል። ጠባሳው እያደር ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ያን ጊዜ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ይተኛል። ሰውየው ዓይኑን በከደነና በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ዓይኑን ይፈገፍገዋል። ይህ ቀን ከሌት ሲሆን ምን ያህል እንደሚያሠቃይ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ከየመንደሩ ዓይናቸው እያለቀሰ ወደ ሸዋሉል ይመጡ ነበር፤ ዓይናቸውን ገልጠው ይመለሳሉ። ለዚህ ሥራ ከማንም ምንም ተቀብላ አታውቅም።

ሥራውን እናቷ ናት ያስተማረቻት። የመጀመሪያው ሕግ ፀጉር ከሥሩ ይነቀላል የሚል ነው። መሀሉ ላይ ከተሰበረ ጉቶው ይቀራል፤ ጉቶ ደግሞ ከረዥሙ ይልቅ ይወጋል። ሸዋሉል ይህን ስትናገር ጣቷን ታነሳ ነበር፣ ልክ እኔ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው።

ያን ዕለት ጭኗ ላይ የተኛችው ሴት ኢቲዳል ትባላለች። የበርታ ሰው ናት፤ መንደሯን ከእኛ መንደር የሚለየው አንድ ጅረት ብቻ ነው። የተነቀለው ፀጉር ተመልሶ እስኪበቅል ሦስት ሳምንት ግድም ይወስዳል። ስለዚህ ኢቲዳል በየሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ በትከሻዋ ባጋደመችው ዘንግ ሁለት ጫፍ ማንጎና ባሚያ አንጠልጥላ ወደ አሶሳ ገበያ ስትሄድ፣ መጀመሪያ ሸዋሉል ደጃፍ ታርፋለች።

ወዳጅነታቸው ግን በዓይን አልተጀመረም። ሰፋሪዎቹ በመጡበት ክረምት ወባ ሸዋሉልን ሁለት ልጆች ቀማት። ባሏ ደባልቄ ራሱ በወባ እየተንቀጠቀጠ መቃብር ሲቆፍር፣ የኢቲዳል ባል ዐወድ ከወንድሞቹ ጋር ጅረቱን ተሻግሮ መጣና ዶማውን ተቀበለው። ኢቲዳል ደግሞ የቀርከሃ ቀንበጥ ቀቅላ አመጣችላት፤ እንዴት እንደሚላጥና ምሬቱ እንዴት እንደሚወጣ በእጇ አሳየቻት። ያን ጊዜ ሁለቱ የሚግባቡበት አንድ ቃል እንኳ አልነበራቸውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ሸዋሉል ግን ዘመድም ጎረቤትም ያገኘችው እዚያው ጅረት ማዶ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደባልቄ ከሞተና የተረፈላት አንድ ልጇ ደስታው ጉባ ወርዶ ግድቡ ላይ በብየዳ ከተቀጠረ ወዲህ፣ የዓይን ሐኪሞች መጡ። የታጠፈውን ቆብ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይመልሱታል፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ተባለ። በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ያስታወቅሁት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሸዋሉል ደጃፍ ነበርኩ፤ ኢቲዳል ራሷን ከሸዋሉል ጭን ቀና አድርጋ ጠየቀቻት።

«ሸዋ፣ ሐኪም መጥቷል ይላል። ቆብ ይሠራል። እኔ ልሂድ?»

ኢቲዳል አማርኛዋን የለመደችው በገበያ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው። ሸዋሉል ወረንጦውን ከዓይኗ አራቀች።

«መቀስ? ዓይንሽ ላይ? እኔ ቆሜ ሳለሁ?»

«አይ፣ ሐኪም ብሎ ነው…»

«ምን አጎደልኩብሽ? አንድ ቀን ደም አወጣሁብሽ? ነው ወይስ ሰለቸሁሽ?»

ኢቲዳል ሳቀች። «ሸዋ አይሰለችም» ብላ ራሷን መልሳ ጭኗ ላይ አስተኛች። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሸዋሉል ክፋት አልነበረባትም። መቀስ ዓይን ላይ ሲባል እውነትም ፈርታለች። ግን ኩራትም ነበረባት። ባል የሞተባት፣ ልጇ የራቃት ሴት፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ «እጇ መድኃኒት ነው» የሚላት በዚያች ወረንጦ ነው። እኔስ? የተማርኩት እኔ፣ ሰሌዳ ላይ ቆብ የምሥለው እኔ፣ «ኢቲዳል፣ ሂጂ» ለማለት አፌን አልከፈትኩም። ሸዋሉልን ላለማስቀየም ብዬ ነው። ይሉኝታ የሚባለው በሽታ መድኃኒቱን እስካሁን አላገኘሁትም።

ዕድሜ ደግሞ ማንንም አይምርም። ስድሳን እንዳለፈች የሸዋሉል ዓይን መደብዘዝ ጀመረ። በአንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር እንዳስገባላት ጠራችኝ፤ እኔም በመነጽሬ ስታገል አየችና «ሁለት ዕውር» ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥሎ ከሩቅ ሰላም ስላት በድምፄ እንጂ በመልኬ እንደማታውቀኝ ገባኝ። አንድ ቀን ድምፄን አጥፍቼ ባጠገቧ ባልፍ ዝም ብላ አሳለፈችኝ። እንዲህ ያለ ፈተና በሰው ላይ ማድረጌ ዛሬም ያሳፍረኛል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የመቀመጫዋ መቀየር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ፊቷን ለፀሐይ ሰጥታ የምትነቅል ሴት ድንጋይዋን ከማንጎው ጥላ ሥር አስገባች። ፀሐይ ሲነካት ሁሉ ነገር እንደ ጉም ነጭ ይሆንባታል። ለሰው ግን «ሙቀቱ በዛ» ነው የምትለው።

በእጇ እየዳበሰች መንቀል ጀመረች። የአመልካች ጣቷን በቆቡ ጠርዝ ላይ ታስሄዳለች፤ ፀጉሩ ጣቷን ሲወጋት ወረንጦውን በዚያ ታስጠጋለች። ያወጣችውን በፀሐይ ማየት ተወች። ከነሥሩ ይውጣ፣ መሀሉ ላይ ይሰበር፣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም።

አንድ ቀን ቆረጥኩና ጠየቅኋት። «እትዬ ሸዋሉል፣ ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ምን ሆነ ብለህ?»

«እንዲያው… የምታይ አልመሰለኝም።»

ቀና አለች። «ደህና አያለሁ። ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

እንዲህ ብላ የማለችን ሴት ምን ትላታለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስለ ዝናቡ አውርተን ተለያየን።

ሰዎች አንድ በአንድ ይቀሩባት ጀመር። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ዋጋዬ «ዓይኔ ተሽሎኛል» ብላ ቀረች፤ በስውር ጤና ጣቢያ ሄዳ ቆቧን አሠርታ ነበር። ሌሎቹም ሰበብ አላጡም። በዓመቱ መጨረሻ ከኢቲዳል በቀር ደጇን የሚረግጥ አልነበረም። ኢቲዳል ግን አንድም ቅዳሜ ሳታጓድል መጣች፤ ዘንጓን ከአጥሩ ታስደግፍና ጥላው ሥር ትጋደማለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት የኢቲዳል ቀኝ ዓይን ብሌን ላይ ነጭ ነገር አየሁ። መጀመሪያ የምስር ፍሬ ያክል ነበር፤ በበጋው ሰፋ። «ኢቲዳል፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?» ብላት «አቧራ ነው ኡስታዝ፣ ንፋስ ብዙ ነው» አለችኝ። ከዓይኗ ውኃ በጉንጯ እየወረደ ነው እንዲህ የምትለኝ። ተናደድኩ፤ ማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሐኪሞቹ እንደገና መጡ። ከአዲስ አበባ የመጡት አሶሳ ሐኪም ቤት ሆነው የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ፤ የቆቡን ሥራ ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች እዚያው ግቢ ይሠራሉ። አስቀድማ አንዲት ነርስ በየመንደሩ ዓይን እየመረመረች ትመዘግባለች። ሂባ ትባላለች፤ ከሆሞሻ የመጣች የበርታ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ትምህርት ቤታችን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። በዚያን ጊዜ ሸዋሉል ደጃፏ ላይ ባለች ፍየል ተሰናክላ ወድቃ ክንዷ አብጦ ስለነበር ልሂድ ልቅር አላለችም፤ በእጇ ይዤ ወሰድኳት። ኢቲዳል እሷን ልታጅብ ብላ አብራን መጣች።

ሂባ ወደ ኋላ ራቅ ብላ «እማማ፣ ስንት ጣት አነሳሁ?» አለቻት።

«ሦስት» አለች ሸዋሉል በልበ ሙሉነት።

«ምንም አላነሳሁም፣ እማማ።»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። ሸዋሉል አልሳቀችም። ሂባ ባትሪዋን አብርታ ዓይኗን አየችና ሁለቱም ላይ ሞራ መኖሩን ነገረቻት። ይህ በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው፤ ይገፈፋል፤ ታያለሽ አለቻት። ሸዋሉል «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለች።

ከዚያ ሂባ ባትሪዋን ወደ ኢቲዳል አዞረች። ቆቧን ገልብጣ በማጉያ መነጽር ብዙ ጊዜ ወስዳ ተመለከተች። ፊቷ ተለወጠ። በበርታኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ኢቲዳል ትከሻዋን ነቀነቀች። ሂባ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ተናገረች።

«መምህር፣ ይህን ፀጉር ማን ነው የሚነቅልላት? መሀል መሀሉ ላይ ነው የሰባበረው። ጉቶው ብቻ ቀርቶ እንደ ሽቦ ብሌኑን ጠርቦታል። የቀኙ ጠባሳ ሆኗል፤ ቆቡ ቢሠራም ብርሃኑ አይመለስም። ግራው ገና ነው። ቶሎ ካልተሠራ ግን እሱም ይከተላል።»

ሸዋሉል ከኢቲዳል አጠገብ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሂባ ጥያቄዋን ለኢቲዳል ደገመችላት፤ ኢቲዳልም «እኔ ራሴ ነው። ራሴ ይነቅላል» አለች። ሂባ አላመነቻትም መሰለኝ፤ ቢሆንም የሁለቱንም ስም ጻፈች።

ወደ መንደር ተመለስን። እኔ ያን ዕለት ሐኪም ቤት አልሄድም የምትል መስሎኝ ነበር፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጇ ደስታውም በስልክ «እማዬ፣ በጌታ ይዤሻለሁ፣ ሂጂ» ብሎ ለምኗታል።

አሶሳ በባጃጅ ገባን፤ የቀኝ ዓይኗ ተሠራ። እዚያው ግቢ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አደረች። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው የሚፈታበት ሰዓት ደርሶ ሠላሳ የሚሆኑ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በሽመል አልጋና በወንበር ተደርድረዋል። አንዱ ሲፈታለት እልል ይባላል፤ ሌላው የልጅ ልጁን ፊት ይዞ ያለቅሳል። ኢቲዳልም በጠዋት ተነስታ ማንጎ ይዛ መጥታ ከሸዋሉል ፊት ለፊት ተቀመጠች። አንድ ነርስ ፋሻውን አነሳ፣ ዓይኗን በእርጥብ ጥጥ ጠረገ፣ «ቀስ ብለሽ ግለጪ» አላት።

ገለጠች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ከፊቷ የተቀመጠችው ኢቲዳል ላይ ነው።

ብዙ አየቻት። ኢቲዳል ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። «ሸዋ! አየህ? እኔ አየህ?» ትላለች። ሸዋሉል እጇን ዘርግታ የኢቲዳልን ጉንጭ ያዘች፤ ያን ነጭ የሆነ ዓይን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሰዉ የደስታ እንባ መስሎት እልልታውን አቀለጠው፤ አጠገቧ ያሉት አሮጊት «እሰይ፣ እሰይ፣ ልጄ» እያሉ ትከሻዋን መቱላት። እንባው የምን እንደሆነ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ሂባ መጣች። የኢቲዳል ተራ እንደደረሰ ተናገረች፤ የግራውን ቆብ ዛሬ፣ የቀኙን ሌላ ቀን። ኢቲዳል ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች፣ ወደ በሩ ግን ነው የሄደችው።

«እኔ ኦፕራሲዮን አይፈልግም። አሁን ሸዋ ዓይን አለው። ደህና ያያል። እሱ ይነቅልልኛል።»

ሂባ ልታስረዳት በበርታኛ ብዙ ተናገረች። አልሰማቻትም። እኔም ለመንኳት። ዞራ ሸዋሉልን ብቻ ታያለች፣ «ንገራቸው» እንደማለት።

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ሸዋሉል እሺ ትላለች ብዬ ፈራሁ። ዓይኗ ተመልሷል። እጇ እንደ ድሮው ነው። ምንም ሳትናገር፣ ምንም ሳታምን፣ ፀሐይዋ ላይ ተመልሳ መቀመጥ ትችል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያደርገው ነበር፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር።

ከአልጋዋ ወረደች። በባዶ እግሯ ሄዳ የኢቲዳልን ሁለት እጅ ያዘች።

«ዓይንሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሸዋ፣ ተው…»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አላይም ነበር። በጣቴ እየዳበስኩ ነው የምነቅልሽ። ከነሥሩ ይውጣ አይውጣ አላውቅም ነበር። አያለሁ ብዬ ማልኩ። ያኔም፣ ያ ሐኪም የመጣ ጊዜ፣ ሂጂ ማለት ነበረብኝ። አልሁሽ? አላልሁሽም። እኔ ነኝ።»

ሂባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኢቲዳል ግን አልደነገጠችም፤ እጇንም ከሸዋሉል እጅ አላወጣችም።

«እኔ ያውቃል» አለች።

«ምኑን?»

«አንተ አያይም። ፀሐይ ትተህ ጥላ ገባህ። ያን ቀን ነው ያወቅሁ። ጣት ዓይን ውስጥ ይፈልጋል፣ ይፈልጋል…» የሸዋሉልን ጣት ይዛ በአየር ላይ እንደ መዳበስ አደረገች። «አመመኝ። ብዙ አመመኝ።»

«አውቀሽ መጣሽ? ለምን?»

ኢቲዳል ከንፈሯን ነከሰች። ቃል ስትፈልግ ልማዷ ነው።

«ዋጋዬ ቀረ። ሌላ ሰው ሁሉ ቀረ። ደባልቄ ሞቷል፤ ደስታው የለም። እኔ ብቀር ሸዋ ምን ይላል? ብቻውን ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ‹ኢቲዳልም ናቀኝ› ይላል።» ነጩን ዓይኗን በአይበሉባዋ ጠረገች። «እኔ ዓይን ሁለት ነው አልኩ።»

ይህን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሃያ ምናምን ዓመት ስለ ዓይን ሳስተምር፣ ሰው ዓይኑን እንዲህ አድርጎ ሲሰጥ አላየሁም። ደግሞ በከንቱ ነው የሰጠችው፤ አንድ ቃል ብትናገር፣ አንዳችን አንድ ቃል ብንናገር፣ ማንም ምንም መስጠት አያስፈልገውም ነበር። 

ሸዋሉል አላለቀሰችም። ድምፅዋ ደረቅ ብሎ ነው የወጣው።

«ስሚኝ፣ ኢቲዳል። ከእንግዲህ አንዲት ፀጉር አልነቅልልሽም። ብትለምኚኝም፣ ብትጠዪኝም አልነቅልልሽም።»

«ታዲያ ቅዳሜ እኔ የት ልሂድ?» አለች ኢቲዳል። የምሯን ነው፤ የቀረችው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የት ትሄጃለሽ? ወደ እኔ ነዋ! ምን ሥራ አለሽ ብሎ የሚጠይቅሽ ማን ነው? መጥተሽ ቁጭ ትያለሽ። እኔም እመጣለሁ፤ አሁን መንገዱን አየዋለሁ።» ወደ ሂባ ዞረች። «ልጄ፣ ውሰጃት። እኔም በሩ ድረስ እሸኛታለሁ።»

ኢቲዳል ገባች። ሸዋሉል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ወንበር ብንሰጣትም አልተቀመጠችም። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ኢቲዳል የግራ ዓይኗ በፋሻ ታስሮ ወጣች። ጥሩ ተሠርቷል አለችን ሂባ፤ እስከ ነገ ፋሻው አይነካም፤ ነገ ጠዋት ራሷ መንደር መጥታ ትፈታዋለች። ያን ጊዜ ነው የገባን። የቀኙ ጠፍቷል፣ የግራው ታስሯል፤ ኢቲዳል እስከ ነገ ምንም አታይም። ሸዋሉል ክንዷን በክንዷ አስገባች።

ባጃጁ ከጅረቱ ወዲህ አወረደን። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። እኔ የሁለቱን ጠብታና ቅባት በፌስታል ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ሸዋሉል «ድንጋይ ነው፣ እግርሽን አንሺ… እዚህ ጭቃ… አሁን ድልድይ» እያለች ትመራታለች። ድልድዩ ቀርከሃ ስለሆነ አንድ በአንድ ነው የሚታለፈው፤ ፊቷን ወደ ኢቲዳል አዙራ፣ ሁለት እጇን ይዛ፣ እሷ የኋሊት እየሄደች አሻገረቻት። ሁለት ቀን ያልሞላው ዓይን ይዛ!

በመንገድ ሰው ይገጥመናል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው «ምነው ኢቲዳል፣ ዓይንሽን ምን አገኘሽ?» ሲሉ፣ መልሱን የምትሰጠው ሸዋሉል ናት። «ሳላይ አያለሁ ብዬ ስነቅልላት እኔ ነኝ ያጠፋሁባት» ትላለች።  ኢቲዳል እጇን ትጎትታለች፤ «ሸዋ፣ ዝም በል! ሰው ይሰማል!» ሸዋሉል አትሰማትም። ለቀጣዩም ሰው ትናገራለች። አራተኛው ላይ እኔም አልቻልኩም። «እኔም እንደማታይ አውቅ ነበር» አልኩ።  ሸዋሉል ዞራ አየችኝ፤ ያን አተያይ በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ቁጣ አልነበረበትም። ለካ አንተም፣ የሚል ነው።

ዐወድ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌ ሆኗል፤ ያኔ መቃብር የቆፈረው ትከሻ ጎብጧል። የሚስቱን የታሰረ ዓይን አየ፣ እኔን አየ፣ ሸዋሉልን አየ። ሸዋሉል ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ አንዲት አላስቀረችም። ኢቲዳል በመካከል በበርታኛ ልታቋርጣት ብትል እጁን አንስቶ ዝም አሰኛት። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መሬቱን በበትሩ ነካ ነካ አደረገ።

«አንተስ» አላት መጨረሻ ላይ፣ እሱም እንደ ሚስቱ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው፤ «ዓይንህ አየ?»

«አየ» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ።

ወደ ውስጥ ገብቶ የቀርከሃ ወንበር አወጣ፣ በመዳፉ አቧራውን ጠረገና ከፊቷ አስቀመጠው። «ግባ፣ ቁጭ በል። ደክሞሃል» አላት።

ሸዋሉል ወንበሩን አየችው። ኢቲዳልን ክንዷን ይዛ እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እሷ መሬት ላይ፣ ከእግሯ ሥር ቁጭ አለች። ዐወድ ሊያነሳት ቢሞክር አልተነሳችም። ኢቲዳል ምንም ስለማይታያት «ሸዋ፣ የት ነህ?» ብላ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች፤ ሸዋሉል አጠገቧ ሌላ ወንበር ላይ የተቀመጠች መስሏት ከፍ አድርጋ ነው የምትፈልጋት።

«እዚህ ነኝ» አለች ሸዋሉል ከታች።